ድስት ጠባቂዋም ውሃ ትግባ

 

የፈተናው ሰሞን አልፎ እረፍት ሲቃረብ በጀመዓችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሽርሽር ወረቀት ይለጠፋል። የመኪናው ዋጋ፣ የምሳው መዋጮ፣ የመነሻው ሰዓት ተዘርዝሮ ይጻፍበታል። የሚመረጠው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ያለበት ነው፤ ሐይቅ፣ ፏፏቴ፣ ወይም ፍል ውሃ። ወንድሞች ወረቀቱን አንብበው «መዋኛ አለው?» ብለው ይጠይቃሉ። እኛ እህቶች ደግሞ «ጥላ አለው?» እንላለን።

ለምን ይሆን ጥያቄያችን የተለያየው? እኛ ውሃ ስለማንወድ አይደለም። ከደረስን በኋላ የሚሆነውን ከወዲሁ ስለምናውቅ ነው። ወንድሞች ልብሳቸውን ቀይረው ውሃ ይገባሉ። እኛ ከዛፍ ሥር ምንጣፍ አንጥፈን ሽንኩርት እንከትፋለን፣ ጫማና ስልክ እንጠብቃለን፣ ፎቶ እናነሳለን። ማታ በመኪና ስንመለስ «ሽርሽሩ እንዴት ነበር?» ስንባል «አልሐምዱሊላህ፣ ደስ ይል ነበር» እንላለን። ውሸት አይደለም። ግን ውሃው ለእኛ ከሩቅ የሚታይ ሥዕል ሆኖ ነው የዋለው።

ይህ ነገር በቤተሰቤም ውስጥ ነበር። ባለፈው አረፋ ማግስት በኦሞ ወንዝ ዳር ከቤተሰቤ ጋር የዋልኩበት ቀን ግን ነገሩን በሌላ ዓይን እንዳየው አደረገኝ። ለሚቀጥለው ሽርሽራችን ይጠቅመናል ብዬ ስላሰብኩ ላካፍላችሁ።

ካንጋተንን ለማታውቁ፦ ካንጋተን በደቡብ ኦሞ ዞን የኛንጋቶም ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከጂንካ ደጋማ አየር ወርዶ ቆላውን ያቋረጠ ሰው ኦሞ ወንዝ ጋ ሲደርስ ያገኛታል። ኛንጋቶሞች ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ቋንቋቸው ከኬንያዎቹ ቱርካናዎችና ከደቡብ ሱዳኖቹ ቶፖሳዎች ቋንቋ ጋር ይቀራረባል። በታችኛው ኦሞ፣ በኪቢሽ አካባቢ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. የተገኙት የሰው ቅሪተ አካላት በዓለም ላይ ከታወቁት የዘመናዊ ሰው ቅሪቶች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። ሸለቆውም ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። የውጭ ሰው ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚመጣው ለዚህ ሁሉ ነው። ለእኛ ለልጆቹ ግን ኦሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ እያየነው የማንነካው ውሃ።

አባቴ ከስልጤ አገር ለንግድ ወርዶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ባትሪና የቡና ገለባ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችው። ለእኛ ለልጆቹ ያወጣው ሕግ ብዙ አልነበረም። ሶላት አታሳልፉ፣ የሰው ዕዳ አትያዙ፣ ወንዝ ዳር እንዳላያችሁ። ሦስተኛው የመጣው ከፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ኦሞ አዞ አለበት። ደግሞም እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ፣ በነሐሴ 1998 ዓ.ም.፣ ወንዙ ከእኛ በታች በዳሰነች በኩል ሞልቶ ከ300 በላይ ሰዎችን ወስዷል። የዚያን ጊዜ ወሬ በሱቁ ደጃፍ ለዓመታት ሲወራ ሰምተን ነው ያደግነው።

እናም በእግር የሚደረስ ትልቅ ወንዝ አጠገብ እያደግን፣ ከቤታችን ዋና የሚችል ሰው ያለ አይመስለንም ነበር። ታናሽ ወንድሜ በክፍሉ ልጆች ይሳቅበታል። ባለፈው አረፋ ምሽት ላይ ይህንኑ እያነሳ አባቴን ነዘነዘው። አባቴ ብዙ ዝም አለ። ኋላ ላይ «የሃይማኖት ነገር ሲቸግረን ዓሊም እንጠይቃለን፤ ስንታመም ሐኪም እንጠይቃለን። ወንዙን ደግሞ ባለ ወንዙን እንጠይቅ» አለና ወደ ጎረቤታችን ሄደ።

ጎረቤታችን በዕድሜ የገፉ የኛንጋቶም ሴት ናቸው። የቡና ገለባ የሚገዙት ከእኛ ሱቅ ነው፤ ሾፎሮ አፍልተው በቅል ሲጠጡ እናቴን ሳይጠሩ አይቀሩም። አማርኛቸው ጥቂት ስለሆነ ለትልቁም ለትንሹም «አንተ»ና «አንቺ» ነው የሚሉት። አባቴ ሐጅ ባያደርግም «አንተ ሐጂ» ይሉታል። ያን ምሽት ጥያቄውን ሲሰሙ አልሳቁበትም። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩለት።

ከብት ውሃ የሚጠጣበት ቦታ አይገባም፤ አዞ እዚያ ያደፍጣል። ዓሣ የሚጠረግበት አይገባም፤ ደሙ ይጠራዋል። ሲመሽና ሲጨልም አይገባም። ቅርንጫፍ ተጋድሞ ውሃውን የሸፈነበት አይገባም፤ ከሥሩ ያለው አይታይም። አንድ ቦታ ዛሬም ነገም ከነገ ወዲያም አይገባም፤ አዞ የሰውን ልማድ ያጠናል። ግቢ ከተመለስኩ በኋላ ስለ ናይል አዞ የተጻፈ ነገር አንብቤ ነበር። ባለሙያዎች የሚሰጡት ምክር እኚህ ያልተማሩ እናት በጣታቸው ከቆጠሩት ብዙም አይለይም።

ከዚያ ግን አንድ ነገር ጨመሩ። «ድሮ ወንዙን እናውቀው ነበር፤ አሁን እንደ እንግዳ ነው» አሉ። የሚናገሩት ስለ ሙላቱ ነው። ኦሞ ከደጋው ተነስቶ 760 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቱርካና ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ነው፤ ሐይቁ ከሚያገኘው ውሃ 90 በመቶ የሚሆነውም ከእሱ ነው። በክረምት የደጋውን ዝናብ ይዞ ይሞላና ዳርቻውን አጥለቅልቆ ይመለሳል። የዳርቻው ሰው ውሃው በተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጊቤ 3 ግድብ ውሃውን ከላይ ይዞ ዓመቱን ሙሉ እየመጠነ ስለሚለቅ የድሮው ሙላት ቀርቷል። ለጎረቤታችን ይህ የእርሻና የእህል ጉዳይ ነው፤ ከአንድ ቀን ሽርሽር ጋር የሚወዳደር አይደለም። ለእኛ ለእንግዶቹ ግን ትምህርት ነበረው። ወንዝን አምና ባየነው ማመን አይቻልም፤ በየዕለቱ አጠገቡ የሚውለውን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። እሳቸውም በቃል ብቻ አላበቁም፤ «ነገ እኔም እመጣለሁ» አሉ።

በማግስቱ ሱብሒ ሰግደን ቁርስ ሳንበላ ወጣን። አባቴ ምንጣፉን፣ እኔና እህቴ ድስቱንና ጀበናውን፣ ወንድሞቼ ከሰሉንና ምድጃውን ያዝን። እናቴ ከአረፋው ፍየል የተረፈውን ሥጋ በሳህን ሸፍና ከጂንካ ከመጣልን ቆጮ ጋር ይዛለች። ጎረቤታችን ረጅም በትር ይዘው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን አስከትለው ቀደሙን።

የመሩን ቦታ ኦሞ በአሸዋ ተከፍሎ ጠባብና ረጋ ያለ ክንድ የሚያበጅበት ነው። ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል፤ ከጉልበት በታች ያለው እግር አይታይም። ጎረቤታችን መጀመሪያ አሸዋውን ዞረው ተመለከቱ። አዞ ከውሃ ሲወጣና ሲገባ ሆዱን የጎተተበት ፈለግ ይቀራል። ያንን አጥተው ሲመለሱ ውሃውን በበትራቸው መቱት፣ ጥቂት ጠበቁ፣ ደግመው መቱት። ከዚያ ለአባቴ «ግባ ሐጂ፣ እስከዚህ ብቻ» ብለው ወገባቸውን አሳዩት።

አባቴና ሁለቱ ወንድሞቼ ሱሪያቸውን እንደታጠቁ ገቡ። ትንሹ ጮኸ፣ ረጨ፣ ወደቀ፣ ተነሳ። አባቴ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እኔና እህቴ እግራችንን ነከር አድርገን ዳር ቆምን። እናቴ ግን ወንዙን ከደረስን ጀምሮ አላየችውም። ንፋሱን ለመከለል ጀርባዋን ለውሃው ሰጥታ ከሰል ታቀጣጥላለች። ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም። እኛም ምንም አልመሰለንም፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበራ።

ጎረቤታችን አጠገቧ ቁጭ አሉና «አንቺ፣ ውሃው ይነክስሻል?» አሏት።

እናቴ ሳቀች። «ድስቱን ማን ይጠብቀው?»

«ድስት እግር የለውም» አሉ።

አባቴ ይህን ሰማ። ምንም ንግግር አላደረገም። ወንድሞቼን ጠርቶ ከውሃው አወጣቸውና «ተራው የሴቶች ነው» አላቸው። ይዟቸውም መንገዱ ወደ ወንዙ የሚታጠፍበት ቁጥቋጦ ጋ ሄደ። ሦስቱም ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው ተቀመጡ፤ የሚያልፍ ወንድ ቢመጣ በሌላ በኩል እንዲያልፍ ሊነግሩ ነው። ጎረቤታችን በትራቸውን ይዘው ዳር ቆሙ። የልጅ ልጆቻቸው ከእኛ በፊት ዘለው ገቡ። ዝግጅቱ በሙሉ ይኸው ነበር። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። እናቴ ካንጋተን ከገባች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ይህችን አምስት ደቂቃ ያሰበላት ሰው አልነበረም።

እናቴ ሻርፗን አጥብቃ አሰረች፣ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ቋጠረች፣ ቀስ ብላ ገባች። ጉልበቷ ድረስ ስትደርስ ቆመች። ወገቧ ድረስ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ሁላችንም ያልጠበቅነውን አደረገች። እጆቿን ወደፊት ዘርግታ እግሯን ከአሸዋው አነሳችና ውሃው ላይ ሄደች። አራት ወይም አምስት ጊዜ ቀዘፈች፤ ዞራም ተመለሰች። እኔና እህቴ አፋችንን ከፍተን ቀረን።

«እማዬ! የት ተማርሽ?»

በልጅነቷ ከቤታቸው በታች ወንዝ ነበር። ሴቶቹ ልጆች ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ የደረቀ ቅል ከደረታቸው ሥር አድርገው ይንሳፈፉ ነበር። እየቆዩ ቅሉን ተዉት። አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናት «አሁን ትልቅ ሆነሻል» ተባለች፤ ከዚያ ወዲህ አልገባችም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ይህን ለእኛ ነግራን አታውቅም። ጠይቀናት ስለማናውቅ ነው። ስለ እናታችን የምናውቀው ሁሉ ከምጣድና ከድስት ጋር የተያያዘ ነበር።

እህቴ በዚህ ተደፋፍራ ከነሰፊ ጂልባቧ ወደ ውስጥ ገፋች። አሸዋው እዚያ ጋ እንደ ደረጃ ያልቅ ነበርና እግሯ ተንሸራቶ ወደ ጥልቁ ገባች። ጨርቁ ውሃ ጠጥቶ ወደ ታች ሳባት። የሆነው በቅጽበት ነው፤ ለመጮህ እንኳ ጊዜ አልነበረም። እናቴ ሁለት ጊዜ ቀዝፋ እጅጌዋን ያዘች። ከጎረቤታችን የልጅ ልጆች ትልቋ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ከሌላው በኩል መጥታ ከብብቷ ደገፈቻት። ጎረቤታችን በትሩን ዘረጉልን፣ ያንን ይዘን ወጣን። እህቴ ውሃ አስመለሰች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች። አልሐምዱሊላህ።

እኔ በዚያች ቅጽበት ውሃ ውስጥ ቆሜ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፤ ስለ ፈሳሽ ግፊት ተፈትኜ አልፌያለሁ። እህቴን ያወጣት ግን በቅል የተማረችው እናቴና ፊደል ያልቆጠረች ልጅ ናቸው።

ዙህር ሲደርስ ከኦሞ ውሃ ውዱእ አድርገን አሸዋው ላይ ሰገድን። ድስቱን ያወጣውና ለሁሉም ያቀረበው አባቴ ነበር። ጎረቤታችንና ልጆቹ ከአረፋው ሥጋ አብረውን በሉ፣ ሾፎሮም አፈሉልን። እናቴ ፀጉሯ በሻርፗ ሥር እርጥብ እንደሆነ ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ ተቀመጠች።

ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ አሰብኩ። ሴቶችን ከውሃው የሚያርቀን ሃያእ ነው ሲባል እሰማለሁ። እናቴ ግን ያን ቀን ከሃያእዋ አንዲት ጥፍር አልጎደለባትም። የጎደለው ቦታና ሰዓት የሚያመቻችላት ሰው ነበር። ሃያእ ሴቲቱ ብቻዋን የምትሸከመው ሸክም ሲሆን ከዛፍ ሥር ያስቀምጣታል። ወንዶቹም ሲካፈሉት፣ ማለትም ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ መንገድ ሲጠብቁ፣ ተራ ሲለቁ፣ ያን ጊዜ ውሃው ለሁሉም ይበቃል።

ይህ ደግሞ ከእኔ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ በዒድ ቀን ሐበሾች በመዲናው መስጂድ በጦራቸው ሲጫወቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንድታይ ከለላ ሆነውላት፣ እሷ እስክትጠግብ ድረስ ቆመውላት ነበር። ብዙ ጊዜ ይህን ሐዲስ የምናነሳው ሐበሾች በመጠቀሳቸው ደስ ስለሚለን ነው። እኔ አሁን የምቆምበት ሌላ ቦታ አለ። እሳቸው «አንቺ ቤት ሁኚ» አላሉም፤ ራሳቸው ከለላ ሆኑላት፣ ሲበቃትም የምትወስነው እሷ ነበረች። አቡ ዳውድ በዘገቡት ደግሞ ከእሷ ጋር ሩጫ ተሽቀዳድመዋል። ነሳኢይ በዘገቡት ሐዲስም ዋና መማር ከከንቱ ጨዋታ ተለይቶ ተቆጥሯል። የአባቴ የቁጥቋጦ ጥበቃ የዚህ ሱና ታናሽ ጥላ ይመስለኛል።

ነገሩ የመዝናናት ብቻ እንዳልሆነም እህቴ አሳይታናለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም 300,000 ያህል ሰዎች ሰምጠው ሞተዋል። ከእነዚህ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው፤ ግማሽ የሚጠጉት ደግሞ 30 ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። ማለትም በእኛ ዕድሜ ያሉና ከእኛ በታች ያሉ። ውሃ ወንድና ሴት አይለይም። ጎርፍ ሲመጣ፣ ጀልባ ሲገለበጥ፣ ልጅ ወንዝ ሲገባባት፣ ዋና የማታውቅ እናት ቆማ ታያለች፤ ወይም ልጇን ተከትላ ትገባለች።

ሌሎች ሙስሊሞች ይህን አስበውበታል። በሰሜን ዛንዚባር በኑንግዊ ፓንጄ የሚባል ፕሮጀክት ሴት ልጆችን ሙሉ ሰውነት በሚሸፍን የዋና ልብስ ዋና አስተምሯል። ደሴት ላይ ተወልደው፣ ዙሪያቸው ባሕር ሆኖ፣ ዋና ሳይችሉ የሚያድጉ ሴቶች ብዙ ስለነበሩ ነው። የእኛን የካንጋተን ታሪክ አይመስልም? ቡርኪኒ የተባለውን ልብስ ያወጣችው በአውስትራሊያ የምትኖር አሂዳ ዛኔቲ የተባለች ሊባኖሳዊት ተወላጅ ስትሆን ሥራውን የጀመረችው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ጥቅሙ መሸፈኑ ብቻ አይደለም፤ ቀላልና ከሰውነት ጋር የሚሄድ ስለሆነ እንደ እህቴ ጂልባብ ውሃ ጠጥቶ አይጎትትም። እዚህ ባናገኘው እንኳ ከውስጥ ጠበቅ ያለ ረጅም ሱሪ፣ ከላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ውሃ የማይዝ ቀሚስ፣ አጭር የስፖርት ሂጃብ ማዘጋጀት ይቻላል።

እንግዲህ ለሚቀጥለው ሽርሽር የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ቦታ ከመመረጡ በፊት አንድ ወንድምና አንዲት እህት ቀድመው ሄደው የአካባቢውን ሰው ይጠይቁ። አዞ ወይም ጉማሬ አለ? ጥልቀቱ የት ይጀምራል? ውሃው ሰሞኑን እንዴት ነው? አንድ የምንረሳው ነገር ቢልሃርዚያ ነው። ረጋ ባለና ሣር በበዛበት ውሃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አድርጎ የሚመጣ ትል ነው፤ ሰው ውሃው ውስጥ ሲቆም በቆዳው በኩል ይገባል። መድኃኒት አለው፤ ግን አስቀድሞ መጠየቁ ይቀላል። የላንጋኖ ሐይቅ ውሃው ደፍርሶ ቢታይም ከቢልሃርዚያ ነጻ በመሆኑ ይታወቃል፤ የጠራ የሚመስል ሌላ ውሃ ሁሉ ግን እንዲያ አይደለም። ዓይን ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛ፣ የእህቶች የውሃ ሰዓት በፕሮግራሙ ላይ ይጻፍ። «ካመቸ እናያለን» አይባል። የካመቸ ነገር ለእኛ አመችቶ አያውቅም። ጠዋቱ ለእህቶች፣ ከሰዓት በኋላው ለወንድሞች ቢሆን፣ ወይም ከለላ ያለው ሁለተኛ ቦታ ቢፈለግ፣ መንገዱን የሚጠብቁ ወንድሞችም ከወዲሁ ቢመደቡ ነገሩ ያልቃል። በእህቶች ሰዓት ስልክ ከቦርሳ አይወጣ፤ ፎቶ የለም።

ሦስተኛ፣ በሁለቱም ወገን ዋና የሚችል ሰው ዳር ይቁም፤ ረጅም በትርና ገመድ ይያዝ። ሰው ሲሰምጥ ዋና የማይችል ሰው ዘሎ አይግባ፤ በትር ይዘርጋ፣ ገመድ ይወርውር። በመካከላችን ዋና የሚችሉ እህቶች እንዳሉ እርግጠኛ ነኝ። ማንም ስላልጠየቃቸው ነው የማናውቀው፤ እኔ የእናቴን እንኳ አላውቅም ነበር። እነሱ ሌሎቻችንን በጥልቀት በሌለው ውሃ ቢያስተምሩን ትልቅ ኸይር ነው።

አራተኛ፣ ድስቱ በተራ ይጠበቅ። ወንድሞች ሽንኩርት መክተፍ ትችላላችሁ። ከቻላችሁ ደግሞ ከሽርሽሩ በፊት አንድ ቀን ተለማመዱ፤ የአባቴ ጥብስ ትንሽ አሮ ነበር።

አንዳንድ ወንድሞች «ይህ ሁሉ ዝግጅት ለአንድ ቀን መዝናኛ ይበዛል» ሊሉ ይችላሉ። ለዳዕዋ ፕሮግራም የድምፅ ማጉያ ከየት እንደሚመጣ ለሁለት ሳምንት የምንማከር ሰዎች ነን። ለእህቶቻችን አንድ መጋረጃ የሚሆን ገመድና ጨርቅ ማሰብ አያቅተንም። ደግሞም የዛሬው የጀመዓ ሽርሽር የነገው ቤተሰባችን መለማመጃ ነው። ዛሬ እህቶቹን ከዛፍ ሥር አስቀምጦ መዋኘት የለመደ ወንድም፣ ነገ ሚስቱን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጦ ልጆቹን ይዞ ይገባል። ልጆቹም እንደ እኛ እናታቸውን በጀርባዋ ብቻ እያዩ ያድጋሉ።

ለእህቶቼም አንድ ቃል አለኝ። እረፍት ስንወጣ ወደየቤታችን እንሄዳለን። እናቶቻችሁን ጠይቋቸው፤ በልጅነታቸው ምን ይወዱ ነበር? ዛፍ ይወጡ ነበር? ይዋኙ ነበር? ይሮጡ ነበር? መቼ ተዉት? ማን አስተዋቸው? መልሱን ስትሰሙ የምታዝኑበትም የምትስቁበትም ታገኛላችሁ። ከዚያ ቦታና ሰዓት ልታመቻቹላቸው የምትችሉት ነገር ካለ አመቻቹላቸው፤ አምስት ደቂቃ ሊበቃ ይችላል።

የሽርሽር ኮሚቴያችን በዚህ ወር መጨረሻ ይሰበሰባል። በሚለጠፈው ወረቀት ላይ ከመኪናው ዋጋና ከምሳው መዋጮ ቀጥሎ «የእህቶች የውሃ ሰዓት» የምትል አንዲት መስመር ለማየት እጠብቃለሁ፤ ኢንሻአላህ። እሷን ካየሁ ስለ ጥላው አልጠይቅም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።